«ኮሚቴው አጸደቀ» ሲባል ምን ጸደቀ? ስለ አሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የደረሰኝ ከደብረ ሲና ነው። በዚያ የዜግነት ትምህርት የሚያስተምሩ አንድ መምህር እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ስለ ኢትዮጵያ የቀረበው ኤች አር 6600 የተባለው ረቂቅ በአሜሪካ ኮንግረስ ኮሚቴ ጸደቀ ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር ሕግ ሆኖ የወጣ መስሎን ነበር። ከወራት በኋላ ግን ስለ ረቂቁ የሚያነሣ ጠፋ። ተማሪዎቼ ‹ከጸደቀ የት ገባ? ካልጸደቀስ ለምን ጸደቀ ተባለ?› ብለው ሲጠይቁኝ የሚያረካ መልስ አልሰጠኋቸውም። ለመሆኑ ኮሚቴ ምን ሥልጣን አለው? በሁለቱ ምክር ቤቶች ለየብቻ የሚቋቋመውስ ለምንድን ነው? ከእኛ ፓርላማ ቋሚ ኮሚቴዎች በምን ይለያል?»

የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ግር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። በአማርኛ «ጸደቀ» የሚለውን አንድ ቃል ለሦስት የተለያዩ ድርጊቶች እንጠቀምበታለን። ኮሚቴ ረቂቁን ተቀብሎ ወደ ሙሉ ጉባኤ ሲያሳልፈው «ጸደቀ» እንላለን፤ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ በድምፅ ሲቀበለው «ጸደቀ» እንላለን፤ ፕሬዚዳንቱ ፈርሞበት ሕግ ሲሆንም ያንኑ ቃል እንደግመዋለን። ከሦስቱ ሕግ የሚያወጣው የመጨረሻው ብቻ ነው። ኮሚቴ ሕግ የማጽደቅ ሥልጣን የለውም፤ የሚወስነው ረቂቁ እንዳለ ወይም ተሻሽሎ ለሙሉ ጉባኤው እንዲቀርብ ነው፣ አለዚያም እዚያው እንዲቀር። ይህ ሲታይ አነስተኛ ሥልጣን ይመስላል። እኔ ግን ይህን ጉዳይ በማስተማር ብዙ ዓመት ከቆየሁ በኋላ፣ በኮንግረስ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ሥልጣን ረቂቅን እዚያው የማስቀረት ሥልጣን መሆኑን አምኜአለሁ፤ ለዚህም ነው ምላሹን ትንሽ ማስረዘም የፈለግሁት። ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ከስሞቹ ልጀምር። ሁለቱን የአሜሪካ ምክር ቤቶች በሬዲዮ የምንሰማቸው ብዙ ጊዜ «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት» እና «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት» ተብለው ነው። እነዚህ ስሞች የአሜሪካኖቹ አይደሉም፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የታወጀው ሕገ መንግሥት ለራሳችን ሁለት ምክር ቤቶች የሰጣቸው ናቸው። ያኔ የመወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ሲሆኑ፣ የመምሪያው አባላት በሕዝብ መመረጥ የጀመሩት ከ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። ስሞቹን ለአሜሪካ ስናውስ አንድ ስሕተት አብሮ ይጓዛል፤ አንዱ «መምሪያ» ሌላው «መወሰኛ» ከሆነ የመጨረሻው ቃል የሁለተኛው ነው ያሰኛል። እውነታው እንዲያ አይደለም። 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትም ሆነ 100 አባላት ያሉት ሴኔት ሁለቱም ይወስናሉ፤ አንድ ረቂቅ ለፕሬዚዳንቱ የሚላከው ሁለቱ ምክር ቤቶች ቃል በቃል አንድ የሆነ ጽሑፍ ሲቀበሉ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ «የተወካዮች ምክር ቤት» እና «ሴኔት» እያልሁ እቀጥላለሁ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ቋሚ ኮሚቴዎች የሚለው ነገር የለም። የሚለው እያንዳንዱ ምክር ቤት የራሱን የአሠራር ደንብ ያወጣል ብቻ ነው። ኮሚቴዎቹን የወለደው የሥራው ብዛት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለእያንዳንዱ ጉዳይ ጊዜያዊ ኮሚቴ ይቋቋምና ሥራው ሲያልቅ ይበተን ነበር። ዌይስ ኤንድ ሚንስ የተባለው የታክስና የቀረጥ ኮሚቴ በተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ የሆነው በ1802 ሲሆን፣ ሴኔት ቋሚ ኮሚቴዎቹን በብዛት ያቋቋመው በ1816 ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ያለ ልክ አደገ፤ በ1946 የወጣው የኮንግረስ የማሻሻያ ሕግ የተወካዮችን ምክር ቤት ኮሚቴዎች ከ48 ወደ 19፣ የሴኔቱን ከ33 ወደ 15 አወረዳቸው። ዛሬ በተወካዮች ምክር ቤት 20፣ በሴኔት 16 ቋሚ ኮሚቴዎች አሉ፤ ከእነዚህ ሌላ ልዩ ኮሚቴዎችና ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ የሚያቆሟቸው አራት ኮሚቴዎች ይገኛሉ። አንድ ኮንግረስ በሚቆይባቸው ሁለት ዓመታት ከ10,000 በላይ ረቂቆች ይቀርባሉ፤ ሕግ የሚሆኑት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ቀሪዎቹ በአብዛኛው ድምፅ ተሰጥቶባቸው የተሸነፉ ሳይሆኑ ከኮሚቴ ያልወጡ ናቸው።

አንድ ረቂቅ ሲወለድ እንየው። በተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ ከጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ አጠገብ አንዲት የእንጨት ሣጥን አለች፤ አንድ አባል ረቂቁን ፈርሞ እዚያ ይከታል፣ ረቂቁም ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ኤች አር የሚለው ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት መቅረቡን፣ ኤስ የሚለው በሴኔት መቅረቡን ያመለክታል። ረቂቅ ማቅረብ የሚችለው የምክር ቤት አባል ብቻ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ እንኳ ሐሳቡን የሚያቀርብለት አባል መፈለግ አለበት። ቀጥሎ አፈ ጉባኤው በሥነ ሥርዓት ባለሙያው አማካይነት ረቂቁን ለሚመለከተው ኮሚቴ ይመራዋል። እኛ «ለዝርዝር እይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ተመራ» የምንለው መሆኑ ነው።

«የሚመለከተው» የትኛው ነው የሚለው ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። በደብረ ብርሃን ሳስተምር በየዓመቱ የማሠራው አንድ ልምምድ ነበር። በገብስ ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ መትከልን የሚገድብ የአንድ ገጽ ረቂቅ አዘጋጅቼ ክፍሉን ምክር ቤት አደርገዋለሁ፤ አፈ ጉባኤ፣ የግብርና ኮሚቴ እና የንግድ ኮሚቴ ይመረጣሉ። አንድ ዓመት አፈ ጉባኤ የሆነው ልጅ ረቂቁን ይዞ መሐል ላይ ቀረ። የግብርና ኮሚቴው «መሬት ነውና የኛ ነው» አለ፤ የንግድ ኮሚቴው ደግሞ «አጣናው አዲስ አበባ የሚሸጥ ነውና የኛ ነው» አለ። ክርክሩ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ጊዜ ያባከንን መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን የግብርና ኮሚቴው አባላት በብዛት ከባሶና ወራና የገበሬ ልጆች መሆናቸውን፣ የንግድ ኮሚቴው አባላት ደግሞ የከተማ ልጆች መሆናቸውን ሲያስተውሉ፣ ረቂቁ የት እንደሚመራ መወሰን ግማሹን ውጤት መወሰን እንደሆነ ገባቸው።

በኮንግረስም ነገሩ ይኸው ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ልጥቀስ፤ በደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉ እህቶቻችን ስሙን በሚገባ የሚያውቁትን አጎዋን። ስለ አፍሪካ የወጣ ሕግ በመሆኑ በውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ብቻ ያለፈ ይመስላል። የሕጉ ልብ ግን ከአፍሪካ የሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ማንሣት ነው፤ ቀረጥ ደግሞ የመንግሥት ገቢ ነው። ስለዚህ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ቢያየውም ዋናው ሥራ በተወካዮች ምክር ቤት የታክስና የቀረጥ ኮሚቴው፣ በሴኔት ደግሞ የፋይናንስ ኮሚቴው ነበር። ገቢ የሚመለከት ረቂቅ ከተወካዮች ምክር ቤት መነሣት እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይደነግጋል። በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም፤ ኢትዮጵያ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ከአጎዋ ተጠቃሚነት የወጣችው በኮንግረስ ድምፅ አይደለም። ኮንግረስ በሕጉ መመዘኛዎቹን አስቀምጦ የየአገሩን ብቁነት በየዓመቱ የመመርመር ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል፤ የወጣነውም በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ነው።

ረቂቁ ኮሚቴ ከገባ በኋላ ቁልፉ ያለው በሰብሳቢው እጅ ነው። ሰብሳቢው በምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር ከያዘው ፓርቲ ይመረጣል፤ አጀንዳ የሚይዘው፣ ስብሰባ የሚጠራው፣ ከባለሙያዎቹም አብዛኞቹን የሚቀጥረው እሱ ነው። ሰብሳቢው አንድን ረቂቅ ካልወደደው ሊቃወመው፣ ሊከራከርበት፣ ምክንያት ሊሰጥ አይገደድም፤ አጀንዳ አለማስያዙ ይበቃል። በዚያው የክፍል ልምምድ የግብርና ኮሚቴውን የምትሰበስበው የመንዝ ልጅ፣ ረቂቁን ደብተሯ ውስጥ አድርጋ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስለ ሌሎች ጉዳዮች ስታወያይ ቆየች። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ረቂቁን ያቀረበው ልጅ ተነሥቶ «እኔ ተሸነፍኩ ወይስ አልተሸነፍኩም?» ብሎ ጠየቀ። ማንም ድምፅ አልሰጠበትም፤ ማንም «አይሆንም» አላለውም። ተሸንፏል። በዚያ ዓመት ካስተማርሁት ሁሉ ተማሪዎቹ ያልረሱት ያችን ደብተር ነው።

በእድራችን እንዲህ ያለ ነገር ቢፈጠር ጠቅላላ ጉባኤው ኮሚቴውን ጠርቶ «ወረቀቱ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። በተወካዮች ምክር ቤትም መጠየቂያ መንገድ አለ፤ ረቂቁ ኮሚቴ ውስጥ 30 የሥራ ቀናት ከቆየ በኋላ 218 አባላት፣ ማለትም ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ፣ በጽሑፍ ከፈረሙ ረቂቁን ከኮሚቴው ነጥቀው ወደ ሙሉ ጉባኤ ሊያመጡት ይችላሉ። ነገር ግን ይህን መፈረም ከአብላጫው ፓርቲ መሪዎች ጋር መጣላት ስለሆነ የሚሳካው እምብዛም ነው።

የሰብሳቢዎቹ ኃይል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንዳልነበረም ማወቅ ይጠቅማል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፈ ጉባኤ ጆሴፍ ካነን ምክር ቤቱን ብቻቸውን ይመሩት ነበርና በ1910 አባላቱ ከደንብ ኮሚቴው አወጧቸው። ያ ኃይል ቀስ በቀስ ወደ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ተሸጋገረ፤ ሰብሳቢ የሚሆነውም በኮሚቴው ውስጥ ከፓርቲው አባላት ረጅም ጊዜ የቆየው ነበርና አንዴ የተቀመጠ የሚያነሣው አልነበረም። ይህ ልማድ የተሰበረው በ1975 ሲሆን ያን ጊዜ ሦስት አዛውንት ሰብሳቢዎች በፓርቲያቸው አባላት ድምፅ ከቦታቸው ተነሡ። በ1995 ደግሞ ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት አንድ ሰው ከስድስት ዓመት በላይ አንድን ኮሚቴ እንዳይመራ ወሰኑ። በእኔ አስተያየት ከእነዚህ ለውጦች በኋላ ሰብሳቢው ለፓርቲ መሪዎቹ ይበልጥ ታዛዥ ሆኗል፤ ጥቅምም ጉዳትም ያለው ነገር ነው።

ሰብሳቢው ፈቅዶ ረቂቁ ከተያዘ ሥራው ሁለት መልክ አለው። መጀመሪያ ምስክሮች ይሰማሉ። ይህ በቴሌቪዥን የምናየው ክፍል ነው፤ አባላቱ ከፍ ባለ የግማሽ ክብ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፣ ምስክሩ ከታች ለብቻው ተቀምጦ የጽሑፍ ቃሉን ያሰማል፣ ከዚያ እያንዳንዱ አባል ብዙውን ጊዜ በአምስት ደቂቃ ተወስኖ ይጠይቃል። በተወካዮች ምክር ቤት ምስክርነት ለመስማት ሁለት አባላት መገኘታቸው ሊበቃ ይችላል፤ ባዶ ወንበሮች ስናይ ጉዳዩ ተንቋል ብለን መደምደም የለብንም። ሁለተኛው መልክ ረቂቁ አንቀጽ በአንቀጽ የሚታረምበት ስብሰባ ነው፣ ክብደቱም እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው የማሻሻያ ሐሳቡን ያነብባል፣ አባላቱ ይከራከራሉ፣ ድምፅ ሲጠራ ጸሐፊው ስም እየጠራ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» የሚለውን ይመዘግባል። ብዙ ጊዜ ሰብሳቢው ከሌላው ፓርቲ ጋር አስቀድሞ የተስማማበትን ጽሑፍ በሙሉ ረቂቁ ምትክ ያቀርበዋል፤ ስለዚህ ኮሚቴ የገባው ረቂቅና ከኮሚቴ የወጣው ረቂቅ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ይዘቱ ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። ረቂቅ የሚያነብ ሰው የትኛውን ቅጂ እንደያዘ ሁልጊዜ ማረጋገጥ አለበት።

ረቂቁን ወደ ሙሉ ጉባኤ ለማሳለፍ ግን ከኮሚቴው አባላት ከግማሽ በላይ በአካል መገኘት አለባቸው። ከዚያም ኮሚቴው ሪፖርት ይጽፋል፤ በሪፖርቱ የረቂቁ ዓላማ፣ ነባሩን ሕግ በምን እንደሚለውጥ የሚያሳይ ንጽጽር፣ በ1974 ሕግ የተቋቋመው የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት ያወጣው የወጪ ግምት፣ እንዲሁም የተቃወሙት አባላት የልዩነት ሐሳብ ይካተታል። እኔ ይህን ሪፖርት ከራሱ ከረቂቁ አስበልጬ እንዲነበብ እመክራለሁ፤ ድርጊቱ ለምን እንደተደረገና ማን ለምን እንደተቃወመ በአንድ ቦታ የሚገኘው እዚያ ነው።

«ታዲያ ኮሚቴው ካሳለፈው ምን ያግደዋል?» ቢሉኝ፣ በተወካዮች ምክር ቤት የሚያግደው ሌላ ኮሚቴ ነው። የደንብ ኮሚቴ ይባላል፤ 13 አባላት ሲኖሩት ዘጠኙ ከአብላጫው፣ አራቱ ከአናሳው ፓርቲ ናቸው። አንድ ትልቅ ረቂቅ በአዳራሹ ስንት ሰዓት እንደሚያከራክር፣ የትኛው ማሻሻያ እንደሚቀርብና የትኛው እንደማይቀርብ የሚወስነው እሱ ነው። አብላጫው ፓርቲ ከግማሽ ጥቂት በሚበልጥ ወንበር ምክር ቤቱን የሚይዝ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ኮሚቴ ግን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይይዛል፤ የአፈ ጉባኤው እጅ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ያላከራከሩ ረቂቆች በአንጻሩ ይህን ሳይጠብቁ፣ ክርክሩ አጥሮ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚያልፉበት አቋራጭ አላቸው።

ሴኔት ሌላ ቤት ነው። እንዲህ ያለ የደንብ ኮሚቴ የለውም። ብዙው ሥራ የሚሄደው ሁሉም ሴናተሮች ሲስማሙ ነውና የአንድ ሴናተር «አልስማማም» ማለት ብቻ ረቂቅን ለወራት ሊያዘገይ ይችላል፤ ክርክርን ለመዝጋት በተለመደው አሠራር 60 ድምፅ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ሴናተር ኮሚቴ ውስጥ የቀረበትን ረቂቅ በሌላ ረቂቅ ላይ እንደ ማሻሻያ አድርጎ ማቅረብ ይችላል፤ የማሻሻያው ጉዳይ ከዋናው ረቂቅ ጋር እንዲዛመድ በአብዛኛው አይገደድም። ስለዚህ በሴኔት ኮሚቴው በር ሲዘጋ መስኮት የመክፈት ዕድል አለ፤ በየዓመቱ የሚወጣው የመከላከያ ሕግ ከጦር ጋር የማይገናኙ ብዙ አንቀጾች ተሸክሞ የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ኮሚቴዎቹ በሁለቱ ምክር ቤቶች ለየብቻ መሆናቸው ምን እንደሚያስከትል፣ ስለ ኢትዮጵያ በቀረቡ ረቂቆች ልመልስልዎ። ኤች አር 2003 በ2007 ኦክቶበር 2 ቀን በተወካዮች ምክር ቤት ሙሉ ጉባኤ አለፈ፤ ያቀረቡት የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ዶናልድ ፔይን ናቸው። ብዙ ሰው ያን ቀን ነገሩ እንዳለቀ ቆጠረው። ረቂቁ ወደ ሴኔት ሲሻገር ግን እንደ አዲስ ለሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ተመራ፣ ከዚያም አልወጣም። የአንዱ ምክር ቤት ድምፅ የሌላውን ኮሚቴ አያስገድድም። ሁለተኛው ኤች ሬስ 128 ነው፤ ይህ በ2018 ኤፕሪል 10 ቀን በተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ ወደ ሴኔትም ወደ ፕሬዚዳንቱም አልሄደም፣ መሄድም አይጠበቅበትም ነበር፤ ሬስ የሚለው ፊደል የሚያመለክተው የአንዱን ምክር ቤት አቋም የሚገልጽ የውሳኔ ሐሳብ መሆኑን ነውና። ፖለቲካዊ ክብደት አለው፤ የሕግ ኃይል የለውም። ሦስተኛው ተማሪዎችዎ የጠየቁት ኤች አር 6600 እና በሴኔት በኩል የነበረው አምሳያው ኤስ 3199 ናቸው። ሁለቱም በ2022 በየኮሚቴያቸው አለፉ፤ ሁለቱም በየሙሉ ጉባኤያቸው ድምፅ አልተሰጠባቸውም። እንግዲህ የመጀመሪያው ሁለተኛው ቤት በር ላይ የቆመ፣ ሁለተኛው በቤቱ የተፈጸመ፣ ሦስተኛው ከኮሚቴ ወጥቶ አዳራሽ ያልደረሰ ነው፤ በሬዲዮ ግን ሦስቱም «ጸደቀ» ተብለዋል። ረቂቆቹን የደገፈም የተቃወመም ወገን በዚህ አንድ ቃል እኩል ተጎድቷል፤ አንዱ ያለ ጊዜው ተደሰተ፣ ሌላው ያለ ጊዜው አዘነ።

ሁለቱ ምክር ቤቶች የተለያየ ጽሑፍ ሲቀበሉ ደግሞ ከሁለቱም የተውጣጡ አባላት፣ በብዛት ረቂቁን ያዩት ኮሚቴዎች ሰዎች፣ አስታራቂ ኮሚቴ ሆነው ይቀመጣሉ። አጎዋን እንደገና እናንሣው። የሴኔቱ ጽሑፍ ከአፍሪካ ያለ ቀረጥ የሚገባው ልብስ ከአሜሪካ ክርና ጨርቅ እንዲሰፋ የሚያስገድድ ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት ጽሑፍ ግን ሰፋ ያለ ነበር። የአስታራቂ ኮሚቴው ስምምነት በማደግ ላይ ወደ ኋላ የቀሩት የአፍሪካ አገሮች ጨርቁን ከሌላ አገር አስመጥተው ቢሰፉትም ለተወሰነ ጊዜ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ፈቀደ። ሕጉ በ2000 ሜይ 18 ቀን በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ተፈረመ። ጨርቅ ከውጭ አስመጥቶ በአገራችን ልብስ መስፋትን አዋጭ ያደረገው አንቀጽ እንግዲህ የአንዱም ምክር ቤት ረቂቅ ብቻውን የወለደው ሳይሆን የዕርቁ ጠረጴዛ ያወጣው ነው። ዛሬ እንዲህ ያሉ መደበኛ አስታራቂ ኮሚቴዎች እየቀነሱ፣ መሪዎቹ በዝግ ተነጋግረው ጽሑፉን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚልኩበት አሠራር እየበዛ መጥቷል፤ በግልጽ የሚታይ ነገር እየቀነሰ ስለሚሄድ አሳስቦኛል።

ኮሚቴ ሕግ ከማርቀቅ ሌላም ሥራ አለው። በመጥሪያ ሰው አስገድዶ ያቀርባል፣ ሰነድ ያስመጣል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ሥልጣን በ1927 አጽንቶታል። በ1973 ሴኔት ያቋቋመውና ሴናተር ሳም ኤርቪን የመሩት ልዩ ኮሚቴ የዋተርጌትን ጉዳይ የመረመረው በዚሁ ሥልጣን ነው። ሴኔት ብቻውን የያዘው ደግሞ ሹመት አለ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የአሜሪካ አምባሳደር መጀመሪያ በሴኔቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል፣ የተወካዮች ምክር ቤት በዚህ ድርሻ የለውም።

ከእኛ ጋር ያለውን ልዩነት በሚመለከት፣ መልኩ ብዙ ይመሳሰላል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤታችንም ረቂቅ አዋጅን ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው ባለድርሻዎችን ይሰማል፣ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ልዩነቱ ከሥር ነው። በእኛ ሥርዓት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ አባላት ይመረጣል፣ አብዛኛው ረቂቅ የሚመጣውም ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ስለዚህ ኮሚቴው በሩን የሚዘጋው በራሱ ፓርቲ መንግሥት ላይ ይሆናል። በአሜሪካ ሚኒስትር የኮንግረስ አባል መሆን አይችልም፤ ሰብሳቢው ከፕሬዚዳንቱ ጋር አንድ ፓርቲ ቢሆን እንኳ ወንበሩን ያገኘው ከፕሬዚዳንቱ አይደለም። የሁለት ምክር ቤት ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሕገ መንግሥታችን ሁለት የፌዴራል ምክር ቤቶች እንዳሉ ቢደነግግም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል እንጂ ተራ አዋጆችን ሁለተኛ ጊዜ አይመረምርም። ስለዚህ የኤች አር 2003 ዓይነት ዕጣ፣ በአንዱ ቤት አልፎ በሌላው ቤት ኮሚቴ መቅረት፣ በእኛ ዘንድ ሊደርስ አይችልም። ለተማሪዎችዎ ይህን ልዩነት በሠንጠረዥ ከመስጠት ይልቅ ያንን የባሕር ዛፍ ረቂቅ ሁለት ክፍሎች፣ ለምሳሌ 11ኛ ሀ እና 11ኛ ለ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ኮሚቴ እንዲያዩት ቢያደርጉ ይሻላል፤ አንዱ ክፍል ያሳለፈውን ሌላው ሳያነሣው ሲቀር ራሳቸው ይነግሩዎታል።

«ከጸደቀ የት ገባ?» ላሉት ደግሞ መልሱ እንዲህ ነው። አንድ ኮንግረስ የሚቆየው ሁለት ዓመት ሲሆን የሚያበቃውም ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ጃንዋሪ 3 ቀን በቀትር ነው። በዚያች ሰዓት ድምፅ ያልተሰጠበት ረቂቅ ሁሉ፣ ኮሚቴ ያለፈውም ያላለፈውም፣ ይወድቃል፤ ወደሚቀጥለው ኮንግረስ አይሸጋገርም። ኤች አር 6600 እና ኤስ 3199 የወደቁት በ2023 ጃንዋሪ 3 ቀን ነው። ሐሳባቸውን እንደገና ማንሣት የሚፈልግ አባል ቢኖር አዲስ ረቂቅ ጽፎና ፈርሞ በዚያች የእንጨት ሣጥን ይከታል፣ ረቂቁም አዲስ ቁጥር ተሰጥቶት ለኮሚቴ ይመራል።